ከጕልት ገበያ የተሠራ ፊት፤ ስለ ጁሴፔ አርቺምቦልዶ አሠራር

ሥዕል መማር የሚፈልግ ተማሪ በመጀመሪያ የሚያነሣው ምክንያት የገንዘብ ማጣት ነው። ሸራው ውድ ነው፤ የዘይት ቀለሙ ከሸራው ይብሳል፤ ብሩሹም ቢሆን ደኅናው ከውጭ አገር የሚመጣ ነው። ምክንያቱ እውነት ስለ ሆነ አልከራከርበትም። ነገር ግን ከአራት መቶ ዓመት በፊት የኖረ አንድ የሚላኖ ሰው አለ፤ የእርሱን አሠራር ለመማር የሚያስፈልገው አንድ ሰፌድ፣ ጥቂት አትክልት፣ ሁለት ዛላ በርበሬና የአንድ ሰዓት ትዕግሥት ብቻ ነው። ሰውዬው ጁሴፔ አርቺምቦልዶ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ እርሱ ማን እንደ ነበረና ሥራው በምን ሕግ እንደሚሄድ ከተናገርሁ በኋላ፣ በእጃችን ባለው ዕቃ እንዴት ልንከተለው እንደምንችል አሳያለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አርቺምቦልዶ የተወለደው በ1526 ወይም በ1527 በሚላኖ ከተማ ነው። አባቱም ሠዓሊ ስለ ነበረ፣ ልጁ በ1549 ከአባቱ ጋር ለሚላኖ ካቴድራል የባለ ቀለም መስተዋት መስኮት ንድፍ ያወጣ ነበር። በ1562 ወደ ሐፕስቡርግ ነገሥታት ግቢ ተጠራ፤ በቪየናና በፕራግም ፈርዲናንድ 1ኛን፣ ማክሲሚልያን 2ኛንና ሩዶልፍ 2ኛን በተከታታይ አገለገለ። ሥራው መልክ መሣል ብቻ አልነበረም። ለበዓልና ለሰልፍ የሚለበሰውን ልብስ ይነድፍ፣ ትርኢቱንም ያዘጋጅ ነበር። በ1587 ወደ ሚላኖ ተመለሰ፤ በ1593 በዚያው ሞተ።

ስሙን እስከ ዛሬ ያቆዩት ግን ወግ የጠበቁት የነገሥታት ምስሎች አይደሉም። በ1563 አራቱን ወቅቶች፣ በ1566 ደግሞ አራቱን ባሕርያት፣ ማለትም አየርን፣ እሳትን፣ መሬትንና ውሃን በሰው ራስ አምሳል ሣለ። እያንዳንዱ ራስ የተገነባው ከዚያው ወቅት ወይም ከዚያው ባሕርይ ከተገኘ ነገር ነው። ጸደይ ከአበባና ከቅጠል፣ ውሃ ከዓሣ፣ ከሸርጣንና ከዛጎል፣ እሳት ከሚነድ እንጨት፣ ከሻማና ከመድፍ ተሠርቷል።

ከእነዚህ ሁሉ ለትምህርት የሚሻለው «በጋ» ስለ ሆነ በእርሱ ላይ እንቆይ። (የእነርሱ በጋ የሚውለው እኛ ክረምት በምንለው በሰኔና በሐምሌ መሆኑን ልብ ይሏል።) ሥዕሉ ቁመቱ 67 ሳንቲ ሜትር በሆነ የእንጨት ሰሌዳ ላይ የተሣለ ሲሆን፣ ዛሬ በቪየናው የሥነ ጥበብ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል። ከሩቅ ሲያዩት በጎኑ የቆመ፣ ፊቱ የጠገበ፣ ፈገግ ያለ ሰው ነው። ጠጋ ሲሉ አፍንጫው ኪያር፣ ጕንጩ ኮክ፣ ከንፈሩ ቼሪ የሚባለው ቀይ ፍሬ ሆኖ ይገኛል። ጥርሱ በተከፈተ የአተር ቅርፊት ውስጥ የተደረደረው እሸት ነው። ጆሮው የበቆሎ እሸት ነው። በቆሎ ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ ከገባ በዚያ ጊዜ ሰባ ዓመት ያህል ቢሆነው ነውና፣ ለግቢው ሰዎች እንግዳና ብርቅ ነገር ነበር፤ እኛ ግን በየመንገዱ ዳር ሲጠበስ እያየን ስላደግን ብርቅነቱ አይሰማንም። ልብሱ የገለባ ሽመና ነው። ሠዓሊው ስሙን በአንገትጌው ላይ፣ ዓመተ ምሕረቱን 1563ን በትከሻው ላይ፣ ሸማኔ ጥለት እንደሚያገባ አድርጎ በገለባው ውስጥ ሸምኖታል። ሌላ ሠዓሊ ከግርጌ በቀለም የሚጽፈውን ስም እርሱ የዕቃው አካል አድርጎታል።

አሁን አንድ ነገር እንመልከት። ኪያሩ አፍንጫ ለመምሰል ብሎ አልታጠፈም፣ አልተፋቀም፣ ቀዳዳም አልተሠራለትም። ከሥዕሉ ላይ አንሥተን ሰሐን ላይ ብናስቀምጠው የሚበላ ኪያር ነው። ኮኩም እንደዚሁ። በሥዕሉ ውስጥ ባሕርዩን የለወጠ አንድም ነገር የለም፤ የተለወጠው የተቀመጠበት ቦታ ነው። የአርቺምቦልዶ የመጀመሪያ ሕግ ይህ ነው፤ ዕቃው ራሱን ሳይለቅ ሌላ ይሁን። ዓይን ቀርጾ በድንች ላይ የሚለጥፍ ሰው አርቺምቦልዶን አልተከተለም፤ ለልጆች የሚሆን አሻንጉሊት ሠርቷል። አሻንጉሊት መሥራት ነውር አይደለም፤ ግን ሌላ ሙያ ነው።

«ክረምት» በተባለው ሥዕሉ ላይ ይህ ሕግ የበለጠ ይጠራል። ክረምት ቅርፊቱ የተሰነጣጠቀ አሮጌ የዛፍ ግንድ ነው። ከንፈሮቹ ከግንዱ የበቀሉ እንጕዳዮች፣ አፍንጫው የተቈረጠ ቅርንጫፍ ጕቶ፣ ዓይኑ በቅርፊቱ ላይ ያለ ጥቍር ስንጥቅ ነው። ዓይን የሆነ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ያለው ዓይን ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ላይ የወደቀ ጨለማ ነው። ተመልካቹ ግን ሽማግሌው እንደሚያየው ሆኖ ይሰማዋል።

ሁለተኛው ሕግ ዕቃው ሁሉ ከአንድ ቤት ይምጣ የሚለው ነው። በ«እሳት» ራስ ላይ አበባ አታገኙም። ግንባሩ እንደ ጧፍ የተጠቀለለ ክር፣ ጠጕሩ የሚንቦገቦግ ፍልጥ፣ ደረቱ መድፍ ነው። በ«ውሃ» ላይም ከባሕር ያልወጣ ነገር የለም። ይህን ሕግ የዘነጋ ሰው ቤት ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ይከምርና የቈሻሻ ክምር ይሆንበታል። ክምሩ ፊት ሊመስል ይችላል፤ ግን የማን ፊት እንደ ሆነ አይናገርም።

በነገራችን ላይ፣ ይህ ዓይነቱ አስተያየት ለአማርኛ ተናጋሪ ባዕድ ሊሆን አይገባም። ቋንቋችን ዕቃን ሁሉ አካል ሲያለብስ የኖረ ነው። ድስት ጆሮ አለው፤ ጠርሙስ አንገት አለው፤ መጋዝና ማበጠሪያ ጥርስ አላቸው፤ ወንበር እግር አለው፤ ጀበና አፍ አለው። ሽንኩርት የምንቈጥረው በራስ ነው። የበቆሎ እሸት ሲፈለፈል የሚወጣውን ክር ጢም ብለን እንጠራዋለን። አርቺምቦልዶ በቀለም ያደረገውን ስም አውጪዎቻችን በቃል አድርገውታል ማለት ነው፤ እኛም ገበያ ስንወጣ ቃላቱን አስታውሰን ብናይ ግማሹን ሥራ ተሠርቶ እናገኘዋለን።

ፊትና ዕቃ በአንድ ሥዕል ላይ እንዴት ሁለቱም ይታያሉ? ይህን ጥያቄ ሠዓሊዎች ብቻ ሳይሆኑ የአእምሮ ተመራማሪዎችም አንሥተውታል። በ1997 የቶሮንቶው ሊቅ ሞሪስ ሞስኮቪችና ባልደረቦቻቸው ስለ አንድ ሕመምተኛ የጻፉት ጥናት አለ። ሰውዬው በመኪና አደጋ ራሱን ከተጎዳ በኋላ ዕቃን በዓይኑ አይቶ ይህ እገሌ ነው ለማለት ይቸገራል፤ የሰው ፊት ለመለየት ግን ምንም አላጣም። የአርቺምቦልዶን ሥዕል ሲያሳዩት ፊቱን ወዲያው አየ፤ ፊቱ የተሠራባቸውን አትክልቶች ግን ለይቶ ማወቅ አልቻለም። እኛ ሁለቱን በአንድ ጊዜ የምናየውን እርሱ አንዱን ብቻ አየ። እንግዲህ በራሳችን ውስጥ ፊትን የሚያነብበውና ዕቃን የሚያነብበው ኀይል ሁለት ልዩ ልዩ ነገር መሆኑን አንድ የ16ኛው መቶ ዓመት የግቢ ሠዓሊ ሥራ ለማስረዳት በቃ። ከዚህም ሌላ ያው ሕመምተኛ ፊት ተገልብጦ ሲቀርብለት ፊትነቱን ለመለየት በጣም ይቸገር ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። አርቺምቦልዶ ሠዓሊ ነበር እንጂ ዕቃ ደርዳሪ አልነበረም። በሥዕል ላይ መጠን እንደ ልብ ነው፤ «መሬት» በተባለው ራስ ላይ ዝሆንና ጥንቸል ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ፊት ይሠራሉ። እኛ እውነተኛውን ዕቃ ስንይዝ ዝሆኑን ማሳነስ አንችልም። ስለዚህ የምንመርጠው በቅርጽና በቀለም ብቻ ሳይሆን በልክም ነው። በእውነተኛ ዕቃ መሥራት በኋላ ዘመን የመጣ ድፍረት ነው። ፓብሎ ፒካሶ በ1942 የብስክሌት ኮርቻና የብስክሌት መሪ አገናኝቶ የበሬ ራስ አደረገ፤ ኮርቻው ፊት፣ መሪው ቀንድ ሆነ፤ ሌላ የተጨመረ ነገር የለም። በአገራችንም በ1968 አዲስ አበባ የተወለደው ኤልያስ ስሜ ከተጣለ የኤሌክትሮኒክ ዕቃ፣ ከሽቦና ከቁልፍ ትልልቅ ሥራዎችን በመሥራት በዓለም ታውቋል። የእርሱ መንገድ ከአርቺምቦልዶ የተለየ ነው፤ ሽቦውን ፊት ሁን ብሎ አያዝዘውም። ሆኖም የተናቀ ዕቃ የሥነ ጥበብ ቀለም ሊሆን መቻሉን ለሚጠራጠር ሰው ሩቅ መሄድ አያሻውም።

ከዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ። እንጀራ መርገጥ ነውር እንደ ሆነ ተነግሮን ያደግን ሰዎች ነን። ብዙ ሰው ቀኑን ሙሉ ለፍቶ የሚገዛውን ምግብ ተማሪ ሰብስቦ ቢጫወትበት ምን ይባላል? ተቃውሞው ትክክል ነው፤ በሳቅ መታለፍም የለበትም። መልሱ ግን ከራሱ ከአርቺምቦልዶ የመጀመሪያ ሕግ ውስጥ ይገኛል። ዕቃው ባሕርዩን እንዳይለቅ ካልን፣ አይቈረጥም፤ አይላጥም፤ በሙጫ አይለጠፍም፤ በቀለም አይቀባም፤ ስፒል አይወጋም። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ከሰፌዱ ተነሥቶ ታጥቦ ወደ ድስት ይገባል። ቤት ያሳደጉን እናቶች ሕግና የሠዓሊው ሕግ እዚህ ላይ አንድ ሆኑ። የበሰለ ምግብ፣ እንጀራና ዱቄት ግን አንነካም፤ እነዚህ ከተበላሹ የማይመለሱ ናቸው። ከአንድ ሰዓት በላይም አናቆየውም፤ ቅጠሉ ይጠወልጋልና።

አሁን ወደ ጕልት እንውረድ። ስትገዙ ቀጥ ያለውንና ያማረውን አትምረጡ። ሁለት እግር ያወጣ ካሮት፣ ጕብጥ ያለ ስኳር ድንች፣ እብጠት ያለበት ዝንጅብል ለእኛ ከሁሉ ይበልጣሉ። «እትዬ፣ ጠማማ ጠማማውን ይስጡኝ» ብትሏቸው በመጀመሪያ ይገረማሉ፤ ቀጥሎም ቀንሰው ይሸጡላችኋል።

ሥራውን በቁም ለማስኬድ አትሞክሩ። የቆመ ራስ ሽቦና ሚስማር ይጠይቃል፤ እነዚያን ደግሞ ከልክለናል። ሰፌዱን መሬት ላይ ወይም ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ አስተኙና ጥቍር ሻሽ ወይም ጥቍር ጨርቅ አልብሱት። አርቺምቦልዶም ወቅቶቹን የሣለው በጨለማ መደብ ላይ ነው፤ በዕቃና በዕቃ መካከል ያለው ክፍተት ከመደቡ ጋር ስለሚመሳሰል ዓይን ስፌቱን አያይም። በነጭ ጨርቅ ላይ ያው ሥራ የተበታተነ አትክልት ይመስላል። ፊቱም በጎን የታየ ይሁን። ወቅቶቹና ባሕርያቱ ሁሉ በጎን የታዩ ናቸው፤ ጀማሪ ሁለት ዓይን አመሳስሎ ለመሥራት ከሚደክም አንዱን ቢያሳምር ይሻለዋል።

ከትልቁ ጀምሩ። ለግንባርና ለራስ ቅል ትንሽ ጥቅል ጎመን፣ ለጕንጭ ቀላ ያለ ማንጎ፣ ለአገጭ ክብ ድንች አስቀምጡ። ሦስቱ ከተስማሙ ፊቱ ተገኝቷል ማለት ነው። ከዚያ ጕብጡን ስኳር ድንች ለአፍንጫ ታገባላችሁ፤ ጫፉ ከጕንጩ ወጣ ብሎ ይታይ። ከበታቹ ሁለት ዛላ በርበሬ ለከንፈር፤ የላይኛው አጠር፣ የታችኛው ወፈር ያለ ይሁን፤ ጫፋቸው ወደ ላይ ከዞረ ሰውዬው ይስቃል፣ ወደ ታች ከዞረ ያኰርፋል። የአተር እሸት ወር ከሆነ ከመካከላቸው ፈንጠር ያለ የአተር ቅርፊት አስገቡ። ዝንጅብሉ ጆሮ ነው፤ እንዲያውም ከበቆሎው ይልቅ ዝንጅብል ጆሮ ይመስላል፤ ሠዓሊው ቢያገኘው ኖሮ በቆሎውን ባልመረጠ ነበር እላለሁ። ባሮ ሽንኩርት ከነቅጠሉ ወደ ኋላ ሲተኛ ጠጕር ይሆናል። የበቆሎው ጢም በስሙ ቦታ ይገባል።

ልክን በሚመለከት ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። የሰው ዓይን የሚገኘው ከራሱ ጫፍ እስከ አገጩ ባለው ቁመት መካከል ላይ ነው፤ ጀማሪ ሁሉ ግን ወደ ላይ ይሰቅለዋል፤ ግንባርም ያጥራል። የጆሮም ላይኛው ጫፍ ከቅንድብ፣ የታችኛው ጫፍ ከአፍንጫ ግርጌ ጋር ይስተካከላል። እነዚህን ሁለት ልኮች የጠበቀ ሰው የቀረውን ቢያዛባም ፊቱ አይጠፋበትም።

ዓይኑን በመጨረሻ አስቀምጡ፤ ትንሽም ይሁን። አንድ ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት ከነልጣጩ፣ ከጎኑም አንዲት ጥቍር አደንጓሬ ብታስጠጉ ይበቃል። አደንጓሬዋን በአንድ ጣት ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ብትገፏት ሰውዬው ወደ ፊት ሲያይ፣ ሲያፍር፣ ሲጠራጠር ታያላችሁ። ከሥራው ሁሉ ረጅም ጊዜ የሚገባው ለዚህች ለአንዲት ፍሬ ነው። ከዚያ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱና ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ተመልከቱ። ብርሃኑ ከአንድ ወገን ብቻ ይምጣ፤ የጧት የመስኮት ብርሃን ከሁሉ ይሻላል፤ የጣሪያውን መብራት አጥፉት፤ ጥላን ይገድላልና። በስልክ ፎቶግራፍ የምታነሡ ከሆነ በመስኮቱ ወገን አትቁሙ፤ ጥላችሁ በሰውዬው ላይ ይወድቃል። ከፎቶግራፉ ይልቅ ግን በእርሳስ ቢሣል እመርጣለሁ፤ ለአርቺምቦልዶም መድረሻው ሥዕሉ ነበር።

አትክልት ያልወደደ ሰው ከመኝታ ክፍሉ ሳይወጣ «ተማሪ» የተባለ ራስ ሊሠራ ይችላል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው በ1566 ገደማ የተሣለው «የመጻሕፍት ቤት ኀላፊ» ነው። ደረቱና ክንዱ የተደራረቡ መጻሕፍት፣ ጠጕሩ የተከፈተ መጽሐፍ፣ ጢሙ አቧራ ማራገፊያ፣ ካባው መጋረጃ ነው። የእኛ ተማሪ ጠጕሩ የተጠላለፈ የኤርፎንና የቻርጀር ገመድ ይሁን። ኩባያ በጎኑ ቢተኛ ጆሮው ጆሮ ይሆናል። አፉ ግማሽ የተከፈተ የእርሳስ መያዣ ቦርሳ ነው፤ የዚፑ ጥርስ ለጥርስ ይበቃል። ጢሙ የጫማ ብሩሽ፣ አንገትጌው የተገለጠ ደብተር ነው። በ«እሳት» ደረት ላይ የሐፕስቡርጎች የወርቅ ጠጕር ኒሻን ተንጠልጥሎ ይታያል፤ በእኛ ተማሪ ደረት ላይ የምግብ ካርድ ይንጠልጠል።

ይህን ያህል ከሳቅን በኋላ ግን ጥያቄ ይመጣል። ሰውን በሚሠራበት ዕቃ ወይም በሚሸጠው ነገር መሣል ክብር ነው ወይስ ስድብ? አርቺምቦልዶ ሁለቱንም አድርጓል። «የመጻሕፍት ቤት ኀላፊ»ን ብዙ ሰዎች ሳያነብብ በሚሰበስብ ሰው ላይ የተሰነዘረ ፌዝ አድርገው ይተረጕሙታል። በ1566 የተሣለው «የሕግ ሰው» ደግሞ ከፌዝ አልፎ ጭካኔ አለበት። ፊቱ ከተላጨ ዶሮና ከዓሣ ተገጣጥሞ የተሠራ፣ ደረቱ ወረቀት የሆነ ሰው ነው፤ የግቢው ሰዎች ማን እንደ ሆነ አይተው ይሥቁ ነበር ይባላል። እኔ ይህን ሥዕል አልወደውም። የተሣለው ሰው በራሱ ፊት ላይ የተቀለደበት ነውና፤ ፊቱን ደግሞ እርሱ አልመረጠውም።

በተቃራኒው ወገን በ1591 ገደማ የተሣለው «ቨርቱምኑስ» ይገኛል። ይህ ሩዶልፍ 2ኛ የወቅቶች አምላክ ሆኖ የታየበት ሥዕል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከአራቱም ወቅት በተሰበሰበ ፍሬ፣ እህልና አበባ ተሠርቶ ፊት ለፊት ያያል። ሠዓሊው ሥዕሉን ከሚላኖ ወደ ፕራግ ላከው፤ ንጉሡም አልተቈጣም፤ እንዲያውም በ1592 ለሠዓሊው ከፍ ያለ ማዕረግ ሰጠው። የውዳሴው ትርጕም ግልጽ ነው፤ በዚህ ሰው ዘመን ወቅቶች ሁሉ አንድ ላይ ያፈራሉ፤ መንግሥቱም እንደ ወቅቶች መፈራረቅ ዘላለማዊ ነው ማለት ነው። አስቀድሞ በ1569 ወቅቶቹና ባሕርያቱ ለማክሲሚልያን ሲቀርቡ አብሮ የቀረበው የጆቫኒ ባቲስታ ፎንቴዮ ግጥምም የሚያወራው ይህንኑ ነው።

ዛሬ ግን ያንን ሥዕል ስናይ ሌላ ነገር እናያለን። ከንጉሡ ፊት ላይ ወይኑን፣ እህሉን፣ ፍሬውን አንድ በአንድ ብናነሣ ምን ይቀራል? ጥቍር መደብ። ያንን ሁሉ ያበቀለው ገበሬ በሥዕሉ ላይ የለም፤ ስሙም አልተጻፈም። ሠዓሊው ይህን አስቦ ነው አልልም፤ የግቢ ባለሙያ ነበረና ሊያወድስ ነው የሠራው። ነገር ግን ዕቃዎቹን እውነተኛ አድርጎ ስለ ሣላቸው፣ እርሱ ያላሰበውንም ይመሰክራሉ። ውዳሴውም ቢሆን ከባለቤቱ እጅ ወጥቷል፤ በ1648 የስዊድን ሠራዊት ፕራግን ሲዘርፍ ሥዕሉ ተወሰደ፤ ዛሬም የሚገኘው በስዊድን አገር በስኮክሎስተር ግንብ ነው። ሠዓሊውም ለረጅም ዘመን ተረስቶ ኖሮ፣ በ1936 መጨረሻ የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስለ ዳዳና ስለ ሱሪያሊዝም ባደረገው ትርኢት ከዘመናዊዎቹ ጋር ተሰለፈ።

ስለዚህ በዚህ አሠራር የምትሠሩ ጓደኞች የማንን ፊት እንደምትሠሩ አስቀድማችሁ ብትቈርጡ መልካም ነው። ጠማማ ካሮት የሸጡልንን እትዬን ከሽንኩርታቸው ልንሠራቸው ብንፈልግ፣ ሰፌዱን ወስደን ሳናፍር በፊታቸው ማስቀመጥ እንችላለን ወይ? ሽንኩርቱ እርሳቸው ናቸው ወይስ እርሳቸው በሽንኩርቱ ልጆች ያሳደጉ ሰው ናቸው? ሁለተኛው ከሆነ በሰፌዱ ላይ ሽንኩርት ብቻ አይበቃም፤ ሚዛኑ፣ የሳንቲም መቋጠሪያው፣ የፀሐይ መከለያው ጃንጥላም ሊገቡ ይገባል። ሁለተኛውን ሕግ፣ ዕቃው ሁሉ ከአንድ ቤት ይምጣ የሚለውን እዚህ ላይ እንደ ገና አንብቡት። «ቤት» ሲባል የሸቀጡ ብቻ ሳይሆን የሰውዬው ሕይወት ነው።

ለመጨረሻ የቀረው ከሁሉ የሚከብደውና የሚያስደስተው ልምምድ ነው። በጣልያን አገር በክሬሞና ከተማ ሙዚየም «አትክልተኛው» የተባለ የአርቺምቦልዶ ሥዕል አለ። በአንድ ወገን ሲይዙት ሽንኩርትና የተለያየ ሥራ ሥር የሞላበት ሰሐን ነው። ሲገለብጡት ሰሐኑ ቆብ፣ ሽንኩርቱ ጕንጭ፣ ረጅሙ ሥር አፍንጫ ሆኖ ጕንጨ ሙሉ ሰው ብቅ ይላል። ያችን ያዙልኝ ያልኋችሁን ነገር አሁን አስታውሱ፤ ፊት ሲገለበጥ ፊትነቱን ያጣል፤ ሠዓሊው ሰውዬውን በሰሐን ውስጥ የደበቀው በዚህች ድካማችን ነው።

እኛ እውነተኛውን ሰሐን ገልብጠን አትክልቱን ማንጠልጠል አንችልም፤ መሬት ይወርዳል። ግን በሰፌዱ ላይ የተኛ ሥራ አይወድቅም፤ መገልበጥ የሚያስፈልገው ተመልካቹ ነው። አንድ ጎድጓዳ ሰሐን በጎኑ አስተኙና አፉ ወደ እናንተ ይዙር። ከአፉ ጀምራችሁ ወደ እናንተ አቅጣጫ ፊቱን ሥሩ፤ በመጀመሪያ ዓይኖች፣ ቀጥሎ አፍንጫ፣ ከዚያ ከንፈር፣ በመጨረሻ የጎመን ቅጠል ለጢም። ጓደኛችሁን በወዲያኛው ወገን አቁማችሁ ምን እንደሚያይ ጠይቁት። አትክልት የሞላ ሰሐን አያለሁ ይላል። ከዚያ ዞሮ ወደ እናንተ ይምጣ።

ሲያበቃ ጎመኑ አስቀድሞ ይነሣ፤ ቶሎ የሚጠወልገው እርሱ ነው። ድንቹና ሽንኩርቱ እስከ ማታ ይቈያሉ።